የጥር ሙሽራ፦ የ12 ሳምንት የገላ፣ የፀጉርና የሜካፕ ዝግጅት ማስታወሻ

ጥቅምት 23፣ 12 ሳምንት ሲቀረው

ሰርጉ እሑድ ጥር 17 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ። ጠዋት ተክሊል፣ ከሰዓት ቬሎ፣ ሰኞ ጥር 18 መልስ። መጀመሪያ ጥር 24 ታስቦ ነበር፤ መልሱ ጾመ ነነዌ ላይ ስለሚወድቅ ወደ 17 መጣ። ከዝግጅቱ ግማሽ በላይ የሚሆነው ከኅዳር 15 በሚገባው የነቢያት ጾም ውስጥ ያልፋል። የመጨረሻው ሳምንት ደግሞ ከተራና ጥምቀት ነው። የቀጠሮ ሰሌዳው እነዚህን ይዞ ወደ ኋላ ተቆጥሮ ወጣ።

የመነሻ ሁኔታ፦ ግንባርና አገጭ ላይ ቡግር፣ ሁለቱም ጉንጭ ላይ ማድያት። ፀጉሩ ሪላክሰር (ፀጉር የሚዘረጋ ኬሚካል) የነካው ነው፤ ጫፉ ተሰነጣጥቋል፣ የግንባሩ መስመር ጠብቆ በሚሠራ ሹሩባ ሳስቷል። እጅና እግር ደህና።

ከሁሉ በፊት ሙሽራዋ ፊቷን የምትቀባው ነገር በሙሉ ጠረጴዛ ላይ ተደረደረ። ዘጠኝ ዕቃ ነው። ከመካከላቸው አንዱ ስም የሌለው፣ ተቀላቅሎ በትንሽ ብልቃጥ የሚሸጥ «ፊት የሚያጠራ» ክሬም ሲሆን አምስት ወር ተቀብታዋለች። እንዲህ ያለው ቅልቅል ብዙ ጊዜ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን የሚባል ጠንካራ ስቴሮይድ ይገባበታል፤ ሃይድሮኩዊኖን ወይም ሜርኩሪ የሚገኝበትም አለ። ስቴሮይድ ቡግሩንና መቅላቱን ለጊዜው ስለሚያፍን ፊቱ የጠራ ይመስላል፤ ቆዳውን ግን ያሳሳዋል። ድንገት ሲቆም ፊቱ ይቀላል፣ ያቃጥላል፣ ቡግሩም በእጥፍ ይወጣል። ይህ ከሁለት ሳምንት እስከ ወራት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ክሬሙ እንዴት እንደሚቆም የቆዳ ሐኪም መወሰን አለበት። አለርትም ሆነ ሌላ የቆዳ ክሊኒክ ሲኬድ ክሬሙን ራሱን ይዞ መሄድ ይጠቅማል። ሦስት ሳምንት ሲቀር ተገኝቶ ቢሆን ምንም መላ አይገኝለትም ነበር።

እስከዚያው የቀሩት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ሽታ የሌለው የፊት መታጠቢያ፣ ማለስለሻ፣ ኤስ ፒ ኤፍ 50 የፀሐይ ክሬም። የፀሐይ ክሬም መጠኑ የሌባ ጣትና የመሀል ጣት ሙሉ ርዝመት ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚቀባው ከዚህ ግማሹን እንኳ አይሞላም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የአልትራቫዮሌት ጨረሩ በ10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር ብርዱ ሊያሳስት አይገባም። ለማድያት ቀለም ያለው የፀሐይ ክሬም ይሻላል፤ ቀለሙን የሚሰጠው አይረን ኦክሳይድ ማድያትን የሚያባብሰውን የሚታይ ብርሃንም ይከላከላል።

በጀት ከመቶ፦ ፀጉር 40፣ ሜካፕ ከነሙከራው 25፣ ሐኪምና መድኃኒት 15፣ ገላ 10፣ ሂናና ጥፍር 5፣ መጠባበቂያ 5።

ኅዳር 7፣ 10 ሳምንት

ፊቱ እንደተጠበቀው ቀላ። ሐኪሙ ደረጃ በደረጃ የሚቀንስ ደካማ ቅባት ሰጥቷል። ቡግሩን ለማከም የታሰበው አዳፓሊን ለሁለት ሳምንት ተገፋ፤ በተቆጣ ቆዳ ላይ ሌላ የሚያነቃ መድኃኒት አይጨመርም።

ግንባር ላይ አዲስ ነገር አለ፦ ጥቃቅን፣ ነጣ ያሉ፣ ከፀጉሩ መስመር ጋር ተሰልፈው የወጡ ጉብታዎች። ምክንያቱ ቅቤ ነው። ሩብ ኪሎ ያህል ለጋ ቅቤ አናቷ ላይ ተደርጎ አዳሯን በሻሽ ታስሮ ነበር፤ ሌሊት ሲቀልጥ ወደ ግንባር ይወርድና ቀዳዳውን ይደፍናል። ቅቤው አልተከለከለም፤ አቀባቡ ተቀየረ። 100 ግራም ይበቃል። በጣት ጫፍ ራስ ቅሉ ላይ ብቻ ይቀባል፣ ከግንባሩ መስመር ሁለት ጣት ወደ ኋላ ተትቶ። ፌስታል ከላይ፣ ፌስታሉ ሥር ግንባሩን የሚያስር የጥጥ ጨርቅ። ሁለት ሰዓት፣ ከዚያ ሞቅ ባለ ውኃ በሻምፑ ሁለት ጊዜ። በመጨረሻ ፊት ይታጠባል፤ ፊት ቀድሞ ከታጠበ የፀጉሩ እጣቢ ቅባቱን መልሶ ያመጣዋል።

የፀጉሩ ጫፍ 3 ሴንቲ ሜትር ተቆረጠ። ሙሽራዋ ቅር ብሏት ነበር። የተሰነጠቀ ጫፍ ግን ወደ ላይ እየተሰነጠቀ ይሄዳል፣ ፀጉር ደግሞ በወር የሚያድገው 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በጊዜ መቁረጡ ያዋጣል።

ኅዳር 21፣ 8 ሳምንት

ቆዳው በረደ። አዳፓሊን 0.1 በመቶ ጄል ተጀመረ፦ የአተር ፍሬ የምታህል ለሙሉ ፊት፣ በየሦስተኛው ሌሊት፣ በደረቅ ቆዳ ላይ፣ ማለስለሻ ከላይ። በሁለተኛውና በስድስተኛው ሳምንት መካከል ቡግር ሊጨምር ይችላል፤ ውስጥ የነበረው ስለሚወጣ ነው፣ አይቆምም። እርጉዝ የሆነች ወይም ልትፀንስ ያሰበች ሴት አትጠቀምበትም። ለማድያቱ አዘላይክ አሲድ 20 በመቶ፣ ጠዋት ከፀሐይ ክሬም በፊት።

በዚህ ሳምንት የሆነ ስህተት፦ እርድ፣ ማርና ሎሚ ተቀላቅሎ ፊት ላይ ተለጠፈ፤ ልብስ ለመለካት ሽሮ ሜዳ ተኬደና ሁለት ሰዓት ፀሐይ ላይ ተቆመ። የሎሚ ጭማቂ ቆዳ ላይ ሳለ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፣ ጥቁር ምልክትም ይተዋል። አገጭ ሥር ሁለት ነጠብጣብ ቀረ። የሚጠፋው በሳምንታት ወይም በወራት ስለሆነ ኮንሲለር ይሸፍነዋል። ሎሚ ከዛሬ ጀምሮ ለሂናው ሊጥ ብቻ።

ስለ ምግብ፦ ጾም ገብቷል፣ ሙሽራዋም ቬሎው እንዳይጠባት ብላ ቁርስ ትታለች። በአንድ ጊዜ ሁለቱም አይሆንም። ገላ ሲራብ ፀጉር እድገቱን ያቆማል፤ መርገፉ የሚታየው ከሁለትና ሦስት ወር በኋላ ነው፣ ማለትም ከሰርጉ ማግስት ማበጠሪያ ላይ። በቀን ሁለት ጊዜ ምስር፣ ሽሮ ወይም ባቄላ ይገባል፤ ብረቱ እንዲዋሃድ ጎኑ ላይ ቲማቲም ወይም ብርቱካን። ቡናና ሻይ ከምግቡ አንድ ሰዓት ይራቁ።

ታኅሣሥ 5፣ 6 ሳምንት

የመጀመሪያው የሜካፕ ሙከራ ወደቀ። መስታወት ፊት ቆንጆ ነበር። መብራት አጥፍተን ከአንድ ሜትር ተኩል በስልክ ፍላሽ ስናነሳት ፊቷ ነጭ፣ አንገቷ ቡናማ ሆኖ ወጣ፤ ከዐይኗ ሥር ደግሞ ዱቄት የተነፋ ይመስላል። ሦስት ምክንያት ተገኘ። አንደኛ፣ በዕለቱ የተቀባችው የፀሐይ ክሬም ዚንክ ኦክሳይዱ ብዙ ነው፣ ፍላሽ መልሶ ያንጸባርቃል። ሁለተኛ፣ ማድረቂያ ፓውደሩ ንጹህ ሲሊካ ነው፤ በዐይን ሲያዩት ቀለም የለውም፣ በፍላሽ ይነጣል። ሦስተኛው ትልቁ ነው፦ የፋውንዴሽኑ ቀለም የተመረጠው በእጅ ጀርባ ላይ፣ ያውም በኤል ኢ ዲ መብራት ሥር ነበር።

ማስተካከያ፦ ቀለም የሚመረጠው ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ መስኮት አጠገብ ነው። ሦስት ቀለም ከመንጋጋ ወደ አንገት በመስመር ተቀብቶ አሥር ደቂቃ ይጠበቃል፤ ፋውንዴሽን አየር ሲያገኘው ይጠቁራል። የጠፋው መስመር የእሷ ነው። ለዚህች ሙሽራ አንዱ ብቻውን አልሆነም፤ ቢጫ የሚያደላውና ቀይ የሚያደላው ሁለት ለአንድ ተቀላቀለ። ማድያቱ ላይ መጀመሪያ ብርቱካንማ ኮሬክተር በስሱ፣ ከዚያ ፋውንዴሽን። ኮሬክተር ሳይቀባ ፋውንዴሽን ብቻ ቢደራረብ ማድያቱ ግራጫ ሆኖ ይታያል። ፓውደሩ ቀለም ባለው ተተካ። ሁለተኛው ፋውንዴሽን ከመጠባበቂያው ተገዛ።

ሽፋሽፍት ማጣበቂያው ክርን ውስጥ ተቀብቶ 48 ሰዓት ተጠበቀ፤ አላሳከከም። በቤት ያለው የድንጋይ ኩል ወደ ጎን ተቀመጠ፤ ከድንጋይ የሚፈጨው ኩል እርሳስ የተባለው ብረት ሊኖርበት ስለሚችል እርሳስ ቅርጽ ያለው ጥቁር መኳያ ተተካበት።

የመጀመሪያው ዋክስ ዛሬ። ፀጉሩ 5 ሚሊ ሜትር ካልሆነ ዋክሱ አይዘውም፣ ይሰብረዋል። ከአረብ አገር የተመለሱ ባለሙያዎች በስኳርና በሎሚ የሚሠሩት ሃላዋ ለስሱ ቆዳ ይሻላል፤ ለብብት እሱ ተመረጠ።

ወይባም ተጀመረ። 25 ደቂቃ፣ ገላ በብርድ ልብስ ውስጥ፣ ፊት ውጭ፣ በር ገርበብ። በዝግ ክፍል ውስጥ ጢስ መሞቅ በከሰል ጋዝ ሰው ይገድላል፤ ራስ ምታት ወይም ማቅለሽለሽ ሲመጣ ወዲያው መውጣት ነው። ከጢሱ በኋላ ገላው ስለሚደርቅ ዘይት።

ታኅሣሥ 19፣ 4 ሳምንት

ከዛሬ በኋላ ገላዋ የማያውቀው ነገር አይገባም። ክሬም፣ ማስክ፣ ፒሊንግ፣ ስጦታ የመጣ ሽቶ ሳይቀር። ቆዳ ራሱን የሚተካው በአራት ሳምንት ገደማ ስለሆነ ከዚህ በኋላ የሚበላሽ ነገር ሳይሽር ሰርጉ ይደርሳል። ከሚዜዎቹ አንዷ የፌሻል ቀጠሮ ለጥር 15 ይዛላት ነበር፤ ተሰረዘ። በመጨረሻው ሳምንት የሚደረግ ጠንካራ ፌሻል ከሁሉ ነገር በላይ ሙሽራ ያስለቅሳል።

ሪላክሰር፦ ያደገው ሥር ብቻ። ከሦስት ቀን በፊት ጀምሮ ፀጉር አልታጠበም፣ ራስ አልታከከም፤ የተቧጨረ ቦታ ይቃጠላል። ግንባርና ጆሮ ዙሪያ ቫዝሊን። የሳሳው የፊት መስመር በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ብቻ ተነካ። ካስክ (የፀጉር ማድረቂያ ማሽን) ውስጥ አልገባችም፣ በነፋስ ደረቀ።

ሂውማን ሄር ለመስፋት የታሰበው ተተወ። ስፌቱ የሚያርፍበት ሹሩባ የሳሳውን መስመር ይጎትታል። በምትኩ ክሊፕ ያለው አንድ እሽግ ተገዛ፤ ከፀጉር በጀቱ ሲሶ ያህል ተረፈ። የተረፈው ለሹሩባ ሠሪዎች ይሄዳል።

ጥርስ ታጠበ። ማንጫው ሳምንት ቆይቶ።

ታኅሣሥ 26፣ 3 ሳምንት

ሁለተኛው ሜካፕ ሙከራ፣ ሁለት ክፍል። ለቤተ ክርስቲያንና ለቬሎ።

ሙሽራዋ ስለምትቆርብ ከንፈሯ ላይ ምንም አይኖርም። ፀጉሩም በተክሊሉ ይወሰናል፦ አክሊል ራስ ላይ ይደፋል፣ ስለዚህ አናት ላይ የቆመ ጉንጉን አይሆንም። የመጀመሪያው ንድፍ ከአናቱ ከፍ ያለ ነበር፤ በካርቶን የተሠራ ክብ ስናስቀምጥበት ወደ ኋላ ተንሸራተተ፣ ፒኖቹም ተጭነው አሳመሟት። አዲሱ ንድፍ፦ አናት ጠፍጣፋ፣ መሀል ለመሀል የተከፈለ፣ ጉንጉኑ ማጅራት ላይ፣ ክቡ በሚያርፍበት አንድም ፒን የለም። ካባውም ከጉንጉኑ በላይ ሳይሰበሰብ ወረደ። ከሰዓት የቬሎው መጋረጃ በዚያው ጉንጉን አናት ላይ ይሰካል፤ ፀጉሩ አይፈታም። ይህ ብቻ ከአንድ ሰዓት በላይ አተረፈ።

ሜካፑ አራት ሰዓት ተደርጎ፣ ሃያ ደቂቃ እስክስታ ተመትቶበት ታየ። አፍንጫ ዙሪያ ለቀቀ። መፍትሔው ፓውደር መጨመር አይደለም፤ ላቡ ሳይደርቅ ፓውደር ሲገባ ይረጋል። መጀመሪያ በስስ ሶፍት መጫን፣ ከዚያ ትንሽ ፓውደር። ለአንዷ ሚዜ ሶፍት፣ ስፖንጅና ሊፕስቲክ የያዘ ቦርሳ ይሰጣታል።

የሂና ሙከራ። 100 ግራም ከመርካቶ የተገዛ ዱቄት፣ የሎሚ ጭማቂ እንደ እርጎ እስኪሆን፣ 2 ማንኪያ ስኳር። ምሽት ተቦክቶ ጠዋት ሲታይ ቀለም አልሰጠም። የታኅሣሥ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ሂና ቀለሙን የሚለቀው ሞቅ ያለ ቦታ ነው። እንጀራ ከተጋገረ በኋላ ለብ ያለ ምጣድ አጠገብ ተሸፍኖ ስድስት ሰዓት ቆየ። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ነጥብ መዳፍ ላይ፣ አምስት ደቂቃ፣ ሲጠረግ ብርቱካንማ ከሆነ ደርሷል። ሊጡ በናይለን ካልሲ ተጠለለ፤ ካልተጠለለ የቅጠል ፍርፋሪው የኮኑን አፍ ይደፍናል፣ መስመሩም ይቆራረጣል።

ስድስት ሰዓት እጅ ላይ ቆይቶ በቢላ ጀርባ ተፋቀ እንጂ አልታጠበም። ወዲያው ሲያዩት ብርቱካንማ ነው፤ በ48ኛው ሰዓት ጥቁር ቡናማ ሆነ። ስለዚህ ሐሙስ ማታ። «ጥቁር ሂና» የሚባለውን በፍጹም፤ የሚያጠቁረው ፒ ፒ ዲ የተባለ የፀጉር ቀለም ኬሚካል ነው፣ ቆዳ ያቆስላል፣ ጠባሳውም ይቀራል። እግሯን ግን እንሶስላ ትሞቃለች፤ ሥሩ ከጎጃም ይመጣል። ተልጦ፣ ተወቅጦ፣ እግር ላይ ተደርጎ፣ በጨርቅ ታስሮ ያድራል። ጥፍር ላይ ያረፈው ጥፍሩ አድጎ እስኪቆረጥ ስለማይለቅ ለእግር ጥፍር ጄል አያስፈልግም።

ጥር 3፣ 2 ሳምንት

የፀጉር ቀለም፣ ጥቁር ቡናማ። ከጆሮ ጀርባ ፈተናው ዐርብ ተደርጎ 48 ሰዓት ሞልቷል። ከሪላክሰሩ ሁለት ሳምንት አልፏል፤ ከዚህ ባነሰ ጊዜ ሁለቱ ከተገናኙ ፀጉሩ እንደ ማስቲካ ይለጠጣል፣ ይሰበራል።

ቬሎው በወገብ 2 ሴንቲ ሜትር ገባ። ከዛሬ በኋላ መክሳትም መወፈርም የለም።

ሙሽራው፦ ፀጉር ቆረጣ ረቡዕ ጥር 13፣ ጺም ቅዳሜ ማታ ፀጉሩ ወደሚያድግበት አቅጣጫ። የራሱን ምላጭና የማሽን ጥርስ ይዞ ይሄዳል፤ ጭርት ከማሽን ይያዛል፣ በሁለት ሳምንትም አይለቅም።

ጥር 7 አዳፓሊን ይቆማል። ካልቆመ ዋክሱ የላይኛውን ቆዳ አብሮ ያነሳዋል። የመጨረሻው ቅቤም አልፏል፤ የቀረ ቅባት ፔስትራ (የፀጉር መተኮሻ) ላይ ይጨሳል፣ ጥቅልሉንም ይፈታዋል።

ጥር 8–13

ጥር 8 የመጨረሻው ወይባ። ጥር 9 ሞሮኮ ባዝ፤ ወይባው ገላ ላይ የተወው ቢጫ ቀለም ታጥቦ ካልወጣ የቬሎው አንገትጌ ላይ ይታተማል። ከጥር 10 እስከ 12 ቀጠሮ የለም፤ ከተራ፣ ጥምቀት፣ ቃና ዘገሊላ፣ መንገድ ዝግ። ለሙሽራዋ ሻርፕ፣ የፀሐይ ክሬምና ባርኔጣ ተሰጣት፤ ታቦት ስትሸኝ ስድስት ሰዓት ያህል ፀሐይ ላይ ነበረች፣ ፊቷ አልጠቆረም።

ረቡዕ ጥር 13 ዋክስና ቅንድብ። ሁለት የቀሩ ፀጉሮች ቅዳሜ በወረንጦ።

ጥር 14–16

ሐሙስ ማታ ሂና። ከዚያ በፊት እጅ በሳሙና ታጥቦ ደረቀ፣ ሎሽን ግን አልነካም፤ ቅባት ቀለሙን ያግደዋል። ሙሽራዋ ሌሊት ሊጡ እንዳይረግፍ እጇን በካልሲ አስራ ተኛች። ዐርብ ጥፍር። ሂናው 24 ሰዓት ውኃ ስለማይነካ ማኒኪዩሩ በደረቁ ተሠራ፣ መዘፍዘፊያ የለም።

ቅዳሜ ፀጉር ታጥቦ በቢጎዲን ተጠቀለለ። ካስክ ሥር በገባች በአሥር ደቂቃ መብራት ጠፋ። ለሁለት ሰዓት ጀነሬተር ተከራየን፤ መጠባበቂያው አለቀ። 5 አንሷል፣ 10 መሆን ነበረበት። ውኃም በሦስት ጀሪካን ተቀድቶ ነበር፣ ሁለቱ ለእጥበቱ ሄዱ።

ቅዳሴው ከጠዋቱ 3 ሰዓት አካባቢ ያልቃል፤ ከቁርባን በፊት የሚጾመው 18 ሰዓት ወደ ኋላ ሲቆጠር የመጨረሻው ምግብና ውኃ ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ስለዚህ ከጠዋት ጀምሮ በየሰዓቱ አንድ ብርጭቆ ውኃ፣ ምሳ ላይ ጨው የቀነሰ ምግብ፤ ጨው የበዛበት ምግብ ጠዋት ዐይን ያሳብጣል። ማታ ከንፈር ላይ ወፍራም ቫዝሊን፣ ሌሊት ተጠርጎ ይነሳል።

ጥር 17

ከሌሊቱ 8 ሰዓት መነሳት፣ ገላና ፊት መታጠብ። ከቁርባን በኋላ ስለማትታጠብ የሚታጠበው ሁሉ አሁን ያልቃል። ፀጉር 50 ደቂቃ። ፊት ላይ ማለስለሻ፣ ኮሬክተር፣ ስስ ፋውንዴሽን፣ ውኃ የማይፈታው ማስካራ። ከንፈር ባዶ። 10 ሰዓት ከቤት ወጣች።

3፡40 ተመለሰች። በተክሊሉ ግንባሯ ላይ ያረፈው ቅዱስ ቅባት አይጠረግም፤ በዚያ ቦታ ፋውንዴሽን ሳይጎተት በስፖንጅ ተጠቀጠቀ። ዐይን፣ ሽፋሽፍት፣ ጉንጭ። ቬሎው ከእግር ተገባበት፤ በራስ ቢጠለቅ ሜካፑን ይነካዋል። ሊፕስቲክ ከቬሎው በኋላ። የቤተ ክርስቲያኑ ሰዓት በ25 ደቂቃ ስላለፈ አራቱ ሚዜዎች ሙሽራዋ ሳትመለስ በሁለት ባለሙያ መጨረሳቸው ጠቀመ፤ ለአንዷ 35 ደቂቃ ነው።

ጥር 18

ለመልሱ ዝግጁ የሹሩባ ዊግ ታስቦ ነበር፤ በሙከራ ግንባር ላይ ተነሳ፣ ካባ ሲደረብበት ደግሞ ዞረ። ሁለት ሠሪዎች ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምረው፣ ከግንባር እስከ አናት ሹሩባ፣ ኋላው ጎፈሬ፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። የግንባሩ መስመር ላይ የመጀመሪያው ጉንጉን በላላ እጅ ተያዘ፤ ሲሠራ ዐይን ወደ ላይ ከተሳበ ጠብቋል ማለት ነው፣ ይፈታል። ስፕሬይ የነካው ፀጉር ሳይታጠብ ስለተሠራ ጄል አልፈለገም።

ጥር 20

ሹሩባው ተፈታ። ሽፋሽፍቱ በዘይት ተነሳ፣ አልተጎተተም። 58 ፒን ገብቶ 58 ወጣ። አዳፓሊን ከጥር 24 በኋላ ይቀጥላል፣ የማድያቱ መድኃኒት አልተቋረጠም። የሚቀጥለው ሪላክሰር ከየካቲት 15 በፊት አይነካም።